ደሞዝ እያለ በቤት የሚጋገር እንጀራ፦ በእንግሊዝ ለግብር ስለ መመዝገብ

ጥያቄ፦ ለማኅበራችን አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ለንደን ሲሆን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ እቤቴ እንጀራ እየጋገርሁ ለሁለት ሱቆች አስረክባለሁ። ከደሞዜ ላይ በየወሩ ግብር ስለሚቆረጥ ለእንጀራው ሌላ ምዝገባ ያስፈልገኛል? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አሠሪዎ የሚቆርጠው ግብር የደሞዝዎን ብቻ ነው። ከግል ሥራ የሚገባው ገንዘብ ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5 በሚቆጠረው የግብር ዓመት ውስጥ ከ1,000 ፓውንድ ካለፈ፣ ኤችኤምአርሲ ለሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት ራስዎ ማሳወቅ ይኖርብዎታል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1,000 ፓውንዱ የሚለካው የጤፉና የመብራቱ ወጪ ተቀንሶ በሚተርፈው ሳይሆን ሱቆቹ በከፈሉዎት ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ትርፉ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ሽያጩ ከዚህ ካለፈ መመዝገብ ግዴታ ነው።

የእርስዎ የመጀመሪያ ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን 2026 ስለሚያበቃ፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 5 ቀን 2026 ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት የሚፈጸምና ምንም የማይከፈልበት ስለሆነ፣ ለዚህ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢያጋጥምዎ እባክዎ አይክፈሉ። ከዚያ በኋላ ዩቲአር የሚባለው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር በፖስታ ይላክልዎታል፤ ያለ እርሱ ዓመታዊውን የገቢ መግለጫ መሙላት ስለማይቻል እስከ መጨረሻው ሳምንት አይጠብቁ። መግለጫውን በኢንተርኔት ማስገባትም ሆነ ግብሩን መክፈል የሚገባው እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ሲሆን፣ መግለጫው አንድ ቀን እንኳ ቢዘገይ፣ የሚከፈል ግብር ባይኖርም 100 ፓውንድ ያስቀጣል። እግረ መንገዴን፣ ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ሥራው ከመጀመሩ 28 ቀን በፊት በሚኖርበት ካውንስል መመዝገብ ስላለበት፣ ይህን ካላደረጉ ዛሬውኑ ያድርጉት፤ እርሱም በነፃ ነው።

ስለ ክፍያው፦ ከግብር ነፃ የሆነውን 12,570 ፓውንድ ደሞዝዎ ከጨረሰው፣ ከእንጀራው ትርፍ ላይ በአብዛኛው 20 በመቶ ይከፍላሉ። ትርፉን ሲያሰሉ ወይ እውነተኛ ወጪዎን ወይም ያንኑ 1,000 ፓውንድ መቀነስ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ግን አይፈቀድም። ሱቆቹ 4,000 ፓውንድ ከፍለውዎ ወጪዎ 1,500 ከሆነ፣ ወጪውን መቀነሱ ይጠቅምዎታል፤ ግብሩም 500 ፓውንድ ይሆናል። ዕዳው ከ3,000 ፓውንድ በታች ከሆነና መግለጫውን እስከ ዲሴምበር 30 ካስገቡ፣ በአንድ ጊዜ ከመክፈል ይልቅ ከደሞዝዎ ቀስ በቀስ እንዲቆረጥ መጠየቅ ይችላሉ፤ እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ይህንን ነው።

ምናልባት ወደፊት መጦሪያውን ትተው በእንጀራው ብቻ ለመኖር ካሰቡ፣ ታክሲ መንዳት የጀመርሁ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርዎ። የመጀመሪያው ዓመት ግብሬ 2,400 ፓውንድ ነበር፤ ያንኑ አዘጋጅቼ ብጠብቅ የተጠየቅሁት 3,600 ሆነ። ዕዳው ከ1,000 ፓውንድ ሲያልፍና ከደሞዝ የተቆረጠው ከጠቅላላው ግብር 80 በመቶ ያልበለጠ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ዓመት ግማሽ አብሮ በጃንዋሪ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ በጁላይ 31 እንደሚከፈል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገንዘቡን ተበድሬ ነው የከፈልሁት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከማገኘው ላይ አንድ አራተኛውን በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ እርስዎም ከአሁኑ ቢለምዱት እመኛለሁ።

የጤፍ መግዣ ደረሰኞችዎንና ሱቆቹ የከፈሉበትን መዝገብ ደግሞ አይጣሉ። የዚህኛው ዓመት ሰነድ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2032 በእጅዎ መቆየት አለበት።