ክርክር፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው እርድና ቁንዶ በርበሬ በማር ለውሶ ይውሰድ?

የዕፅዋት ተመራማሪ፣ አንኮበር፦ ይውሰድ ባይ ነኝ። በሴል ውስጥ የሚዘዋወረው ነፃ ካልሲየም 100 ናኖሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ከሴሉ ውጭ ያለው 10,000 እጥፍ ይበልጠዋል። ልዩነቱን ከሚጠብቁት አንዱ፣ ካልሲየሙን ሴሉ ውስጥ ወዳለ ማከማቻ የሚገፋው ሰርካ የተባለው ፓምፕ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ይህን ፓምፕ ያዳክማል፤ ካልሲየሙ ሚቶኮንድሪያ በተባለው የሴሉ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይጠራቀምና የካንሰር ሴሉ ራሱን ይገድላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የታየ ነገር ነው። የአባቶቻችንን ዕውቀት ለምን እናጣጥላለን?

የባዮኬሚስትሪ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ አሠራሩን በትክክል ገልጸውታል። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሴል የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር (አንዱ የናኖሞላር ሺህ እጥፍ ነው) ነው። ሰው በቀን 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ቢውጥ እንኳ ደሙ ውስጥ የሚገኘው 2 ማይክሮሞላር አይሞላም፤ አንጀትና ጉበት ቶሎ ለውጠው ያስወግዱታል። እርድ ደግሞ ከክብደቱ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ያህል ነው። 8 ግራም ለማግኘት በየቀኑ ሩብ ኪሎ የሚያልፍ ዱቄት መዋጥ ሊኖርበት ነው!

የዕፅዋት ተመራማሪ፦ ቁንዶ በርበሬው የሚገባው ለዚሁ እኮ ነው። በውስጡ ያለው ፒፐሪን የኩርኩሚንን ወደ ደም መግባት እስከ 20 እጥፍ ያሳድጋል።

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን፦ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው ጋሼ። ፒፐሪን ኩርኩሚንን ብቻ መርጦ አይረዳም። ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል፤ ቪንክሪስቲንና ዶሴታክሰል የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወገዱት በዚሁ ኢንዛይም ነው። ማስወገዱ ሲዘገይ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የከፋ የሆድ ድርቀት፣ የነጭ የደም ሴል መውረድ ሊከተል ይችላል። ሐኪሙም መንስኤውን ሳያውቅ የኬሞውን መጠን ይቀንሳል። እርድን ከቁንዶ በርበሬ ጋር አብዝተው የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው የተጎዳበት ሁኔታም ተመዝግቧል።

የዕፅዋት ተመራማሪ፦ ቪንክሪስቲንስ ከተክል የተገኘ አይደለም?

የባዮኬሚስትሪ መምህር፦ ነው፤ ግን ተነጥሎ፣ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በደም ሥር ብቻ ይሰጣል። ከታፕሲያ ተክል የሚገኘው ታፕሲጋርጊን ደግሞ ሰርካን ከኩርኩሚን እጅግ በበለጠ ኃይል ይዘጋል፤ ጤነኛውንም ሴል አይምርም። ተመራማሪዎች ዕጢው አካባቢ ብቻ እንዲፈታ ከፔፕታይድ (ከአጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር ያሰሩት ለዚህ ነው። የአገር ዕውቀትን ማክበር ማለት ለእኔ እንዲህ መድከም ነው።

ነርስ፣ ካንሰር ክፍል፦ ታማሚው አልጫው ላይ የምትነሰነሰውን እርድ አይከልከል። ብጥብጡንና እንክብሉን ግን ኬሞ እስኪያልቅ ያቁም፤ የጀመረም ካለ ማሰሮውን ይዞ ይምጣና ለሐኪሙ ያሳይ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቅ።

የዕፅዋት ተመራማሪ፦ በቁንዶ በርበሬው ተስማምቻለሁ። ያለ እሱ የሚወሰደውን እርድ ግን አልተውኩትም።