የሞተር ዘይት ክርክር፦ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይስ መመሪያ መጽሐፉ እንዳለው?

የመኪና ባለቤት፦ ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ጋራዦች የማንኛውም መኪና የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት ይላሉ፤ የብዙ ዘመናዊ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ግን 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር ይላል፤ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር የሚፈቅዱም አሉ። እኔ የምከራከረው ለመመሪያ መጽሐፉ ነው። የ5,000 ኪሎ ሜትሩ ልማድ ነዳጅ በካርቡሬተር ይመጠን ከነበረበት ዘመን የወረስነው ነው። ካርቡሬተር፣ በተለይ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ስለሚለቅ፣ ያልተቃጠለው ትርፍ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነው ነበር። ዛሬ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ዘይቱም የያኔው ዘይት አይደለም፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም (ኤፒአይ) እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኤስኤን የተባለ የዘይት ጥራት ደረጃም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከተለው ኤስፒ ዝቃጭን ለመከላከልና ፒስተኑን ንጹሕ ለማቆየት ከቀደሙት የጠበቀ ፈተና ያስቀምጣሉ። ሞተሩን ነድፎ የሠራውና ዋስትና የሰጠበት አምራች 10,000 ካለ፣ ዘይት በመሸጥና በመቀየር የሚተዳደር ሰው 5,000 ስላለ ብቻ ለምን እሱን እናምናለን?

መካኒክ፦ የጥያቄው አቅራቢ መመሪያ መጽሐፉን ማክበራቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እለምናቸዋለሁ። በአብዛኞቹ መጽሐፎች ውስጥ የዘይት መቀየሪያው ሠንጠረዥ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለመደበኛ አገልግሎት ሲሆን ሁለተኛው ለከባድ አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሰዋል። ከባድ አገልግሎት ሲባል ደግሞ ድንጋይ የሚጭን መኪና ማለት ብቻ አይደለም። አቧራማ መንገድ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በሚኒሞ (መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ እየሠራ) ረጅም ጊዜ መቆም፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ፣ ተጎታች መሳብ፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ወደ ጋራዥ ከሚመጡት መኪኖች ስንቱ ነው ከእነዚህ ሁሉ ነፃ የሆነው? ዘይቱ ከአቅሙ በላይ የሠራበትን ሞተር ክዳን ስንከፍት የምናገኘው እንደ ሬንጅ የጠቆረና በማንኪያ የሚዛቅ ዝቃጭ ነው። ያ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርድና ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። የዘይት ግፊት መብራቱ ሲበራ ጉዳቱ ተጀምሯል፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ዘይት ማፍሰስ የተበላውን ብረት አይመልስም።

የሜካኒካል መሐንዲስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት በኪሎ ሜትር ነው፤ ዘይቱ ግን ኪሎ ሜትር አያውቅም። ዘይቱን የሚያስረጀው ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሙቀትና ወደ ውስጡ የገባው ቆሻሻ ነው። በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በረጅም መንገድ የሚጓዝ መኪና 10,000 ኪሎ ሜትሩን በ125 ሰዓት ይጨርሰዋል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና ግን ለዚያው ርቀት 500 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንደኛው የሌላውን አራት እጥፍ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳያስገቡ ስለ 5,000 እና ስለ 10,000 መሟገት ትርጉም ያለው አይመስለኝም።

አጭር ጉዞ ደግሞ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ከጋዝና ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በፒስተን ፋሻዎች በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ በደንብ ሞቆ በቂ ጊዜ ከቆየ ውሃውም ቤንዚኑም ተንነው ይወጣሉ። የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ደረሰ ማለት ግን የራዲያተሩ ውሃ ሞቀ ማለት እንጂ ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ በየዕለቱ ሦስት ወይም አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቶ የሚቆም መኪና ውሃውን ያጠራቅማል እንጂ አያስወጣም። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ ወፍራም ክሬም መሰል ነገር ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው፤ የራዲያተሩ ውሃም በተደጋጋሚ የሚጎድል ከሆነ ግን ጋስኬቱ (የሞተሩን መጋጠሚያ የሚያሽገው ስስ ሽፋን) መመርመር አለበት። እንዲህ ያለውን መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ መጠበቅ ራሱ ስሕተት ነው፤ በስድስት ወር ሊቀየርለት ይገባል።

የመኪና ባለቤት፦ የመሐንዲሱን ስሌት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱ የኔን ክርክር የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ለረጅም መንገድ ተጓዡ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት 62 ሰዓት ገደማ ነው። ገና ግማሽ ዕድሜውን ያልጨረሰ ሲንተቲክ ዘይት ይደፋል ማለት ነው። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው፤ መኪናዬን ለሰርቪስ ባስገባሁበት ቦታ ሁሉ የት እንደምነዳ፣ በቀን ስንት ጊዜ ሞተር እንደማስነሳ፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደተጨመረ የጠየቀኝ የለም። ዘይት ቀይረው ሲጨርሱ የሚለጥፉት ወረቀት ላይ ለሁሉም አንድ ቁጥር ይጽፋሉ። መካኒኩ ስለ ከባድ አገልግሎት ያሉት እውነት ከሆነ፣ ደንበኛው የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚወድቅ መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ ነው።

የታክሲ ባለንብረት፦ እኔ በቁጥርም በሰዓትም አልመራም፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አወጣለሁ፣ ዘይቱ ከጠቆረ አስቀይራለሁ። ከዓይን የበለጠ ምስክር ምን አለ? ደግሞስ አዳዲሶቹ መኪኖች የዘይቱን ዕድሜ ራሳቸው ቆጥረው መልእክት ያሳያሉ፤ ለዚያ ሁሉ ክርክር ምን ያስፈልጋል?

መካኒክ፦ የዘይት መጥቆር ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። ዘይት ውስጥ የተጨመሩት አጣቢ ንጥረ ነገሮች ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ እያነሱ በዘይቱ ውስጥ በትነው እንዲይዙት ነው የተሠሩት፤ የጠቆረው ዘይት ሥራውን እየሠራ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይትማ በተቀየረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። በአንጻሩ ንጹሕ ወርቃማ ሆኖ የሚታይ ዘይት በቤንዚን ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። መልእክት የሚያሳየው ሥርዓትም በአብዛኞቹ መኪኖች ዘይቱን አይመረምርም፤ የሞተሩን ዙር፣ የሙቀቱን መጠንና የማስነሻውን ብዛት ወስዶ ያሰላል እንጂ የተጨመረው ዘይት የተጭበረበረ ይሁን ትክክለኛው አያውቅም።

ዘንጉን ማውጣትዎ ግን እጅግ ትክክል ነው፤ ማየት ያለብዎት ቀለሙን ሳይሆን ልኩን ነው። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር አራት ሊትር ይይዛል እንበል፤ ባለቤቱ 10,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ክዳን ሳይከፍት ቢነዳው፣ ቀነ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ዘይቱ ያልቃል። ረጅሙን ልዩነት የምፈራበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በየ5,000 የሚመጣን መኪና ቢያንስ አንድ ሰው ያየዋል።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፦ የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተፋቁ ብረቶችንና ለካንሰር የሚያጋልጡ የቃጠሎ ውጤቶችን ይዟል፤ አፈር ላይም ሆነ ፍሳሽ ውስጥ ከተደፋ ውሃን ይበክላል። ያለ በቂ ምክንያት ሁለት ጊዜ መቀየር የሚወገደውን መርዝ በእጥፍ ያሳድጋል። መኪናውን ለማየት ዘይቱን መድፋት አያስፈልግም፤ በየሁለት ሳምንቱ ዘንጉን ማውጣት ይበቃል።

መካኒክ፦ ይበቃል፤ የሚያወጣው ሰው ካለ። ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ላላቸው ሞተሮች ግን አቋሜን አልለውጥም። የቱርቦው ዘንግ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ሞተሩ እንደጋለ ሲጠፋ እዚያ የቀረው ዘይት ይነድና እንደ ከሰል ይጋገራል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ትንንሽ የቱርቦ ሞተሮች ደግሞ ዘይቱን በነዳጅ ለማቅጠን የተጋለጡ ናቸው። ለእነዚህ 5,000 ወይም 6,000 ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር፤ ፊልትሮ ሲደፈን ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ያልተጣራው ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል።

የሜካኒካል መሐንዲስ፦ ለቱርቦው እስማማለሁ። ለቀሪው ግን ከግምት የሚያወጣን መንገድ አለ፤ ሞተሩ እንደሞቀ ከዘይቱ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመርመር። ብረት ከበዛ መበላት አለ፣ ሲሊከን ከበዛ አቧራ በአየር ፊልትሮው በኩል እየገባ ነው፣ ቅጥነቱና አሲድ የማምከን አቅሙ ደግሞ ዘይቱ ምን ያህል እንደቀረው ይናገራሉ። ለአንድ መኪና ወጪው ከዘይቱ ሊበልጥ ስለሚችል ማንንም አላስገድድም። ብዙ ታክሲ የሚያስተዳድሩት ባለንብረት ግን ከመኪኖቻቸው ሁለቱን በ5,000 ኪሎ ሜትር አስመርምረው፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ወደ 7,000 ቢያራዝሙና ደግመው ቢያስመረምሩ፣ ለመኪኖቻቸው የሚስማማውን ቁጥር ከማናችንም በተሻለ ያውቁታል።