ከጎባ የሳነቴን አምባ በብስክሌት ለመሻገር ምክራችሁን እንሻለን

እኔና ባለቤቴ ጓዛችንን በብስክሌት ጭነን ከአዳማ ተነስተን በአሰላ፣ በዶዶላና በዲንሾ በኩል ጎባ ደርሰናል፤ ከዚህ ወዲያ ግን መወሰን ተስኖናል። ያሰብነው የሳነቴን አምባ አቋርጠን በሐረና ጫካ ወደ ደሎ መና መውረድ ነበር። መንገዱ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሚወጣ፣ ትናንት ዳገቱን ጥቂት እንደሞከርን ባለቤቴን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለያዛት ተመልሰናል። ጎባ ላይ ስንት ቀን ብናርፍ ሰውነቷ ከፍታውን ይለምዳል? አምባው ላይ ሌሊቱ ውርጭ በመሆኑ እዚያ ማደር አንፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ፍሬናችን ቸርኬውን ግራና ቀኝ ጨምድዶ የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ፣ በረጅም ቁልቁለት ሳይለቀቅ ከተያዘ ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ የእርሷ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ጎማም ተበልቶ አልቋል። ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ተስማሚ የፍሬን ጎማ የሚገኝበትን ቦታ፣ ካልተገኘም ብስክሌቶቹን ጭኖ አምባውን የሚያሻግረን መኪና የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን። ባለቤቴ በመኪና መሻገሩን አትወደውም፤ እኔ ግን ጤንነቷን አስቀድማለሁ።