የጥርስ መሙያው ግላስ አዮኖመር በሙቀት ቶሎ እየደረቀ አስቸገረን

ጋምቤላ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ነው፤ የጥርስ መሰርሰሪያ የለም። የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ፍቀን በግላስ አዮኖመር እንሞላለን፤ አቅም ለሌለው ታካሚ ከመንቀል ሌላ ያለው አማራጭ ይሄው ነው። ችግሩ ሙቀቱ ነው። አንድ የመለኪያ ማንኪያ ዱቄት ከአንድ ጠብታ ፈሳሽ ጋር (ጠርሙሱን ቀጥ አድርገን ነው የምንጥለው፣ አረፋ የለውም) በ20 ሰከንድ ብናቀላቅልም፣ ጥርሱ ውስጥ ሳይገባ ወዙ ይጠፋል። ወዙ የጠፋ ደግሞ አይያያዝም፤ ሳይቆይ ይወልቃል። ፈሳሽ ሲጨመርበት ይሳሳና ጥንካሬ ያጣል። ማቀላቀያ መስታወቱን ከአገልግሎት በወጣ የክትባት ሣጥን ውስጥ በበረዶ ስናቀዘቅዘው ፋታ አገኘን፤ ግን እንደወጣ ጤዛ ያዘው፣ ውሃውም ድብልቁን አበላሸ። በጨርቅ ብንጠርገውም ወዲያው ይመለሳል።

መስታወቱን ጤዛ ሳይዘው ለማቀዝቀዝ ምን ዘዴ ትጠቀማላችሁ?