እህቴ የማታውቀው ሰነድ በስሟ ገብቷል፤ ምን እናድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ታናሽ እህቴ ካናዳ ሄዳ ለመማር፣ ከቡና ሽያጭ ያጠራቀምነውን ገንዘብ «የኢሚግሬሽን አማካሪ ነኝ» ለሚል ሰው ከፈለች። ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ በብዙ ልመና ቅጂውን ሰጠን። ስናየው ደነገጥን፤ የማናውቀው የባንክ ሒሳብ መግለጫ በስሟ ተያይዟል። የወኪል ስም የሚሞላበት ቅጽ ግን የለም፤ ራሷ እንዳመለከተች ተደርጎ ነው የገባው።

በካናዳ ሕግ በክፍያ የሚያማክር ሰው የጠበቆች ወይም የኩቤክ ግዛት ኖተሪዎች (ውልና ሰነድ የሚያዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች) ማኅበር አባል፣ አለዚያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሥራ የጀመረው የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን የአማካሪዎች ተቆጣጣሪ አካል ነው) ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የኮሌጁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሰውየውን ስም ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ደግሞ አመልካቹ ለ5 ዓመት ሊታገድ ይችላል። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ፣ ቅጣቱ የእርሷ! ሕጉ ይሻሻል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች፣ ሳያውቅ የተታለለውን አመልካች ለይተው ቢያስቡለት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ውሳኔ ሳይሰጥ እውነቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ይሻላል ወይስ ማመልከቻውን መሰረዝ? ኮሌጁ ፈቃድ በሌለው ሰው ላይ ከኢትዮጵያ የሚላክ አቤቱታ ይቀበላል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሕጉን የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ሰውየው «ዝም በሉ፣ ይሳካል» ይላል፤ እህቴ ግን እንቅልፍ ካጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።