73 መዝግበን 38 ተቆጠሩ፤ ሁለተኛዋን አመቻች ሊወስዱብን ነው

የቆላው አመቻች (ኅዳር 2)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

የምሠራው ሰሜን ሸዋ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ነው። ወረዳውን ባልጠራው ይሻላል። ለማታውቁት፣ አማራጭ ጣቢያ ማለት መደበኛው ትምህርት ቤት ለራቃቸው ወይም ሰዓቱ ለማይመቻቸው ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በሦስት ዓመት የሚሰጥ የመንግሥት ጣቢያ ነው። ሦስተኛውን ደረጃ የጨረሰ ልጅ መደበኛ 5ኛ ክፍል ይገባል። እኛም መምህር ሳይሆን አመቻች ነው የምንባለው።

ጣቢያችን አንድ የጭቃ ክፍልና አንድ ዳስ ናት። አመቻቾቹ ሁለት ነን። እኔ ደረጃ 1ን ይዣለሁ። ባልደረባዬ ደረጃ 2ንና 3ን አንድ ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። ሰሌዳውን በጠመኔ መሐል ለመሐል ትከፍለውና በግራ ለደረጃ 2፣ በቀኝ ለደረጃ 3 ትጽፋለች። እነዚህ ሲጽፉ እነዚያን ታስነብባለች። ዘንድሮ መስከረም ላይ 73 ልጅ መዘገብን፤ 34 ደረጃ 1፣ 21 ደረጃ 2፣ 18 ደረጃ 3። ቤት ለቤት ዞረን፣ እናቶችን ለምነን ነው ያመጣናቸው።

ጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከወረዳ ሰዎች መጥተው ቆጠሩ። ያገኙት 38 ልጅ ነው። ማሽላው እሸት ይዞ ግሪሳ የወረደበት ሳምንት ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ቆማችሁ ብታዩ አራት ማማ ይታያችኋል፣ በየማማው ላይ የእኛው ተማሪ ወንጭፍ ይዞ ይጮሃል። ለመጡት ሰዎች በጣቴ አሳየኋቸው። "እኛ የምንጽፈው ክፍል ውስጥ ያለውን ነው" አሉኝ።

ትናንት ደብዳቤ መጣ። የመምህርና ተማሪ ጥምርታ 1 ለ 50 ስለሆነ ለ38 ተማሪ አንድ አመቻች በቂ ነው፣ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ጣቢያ ትዛወራለች ይላል። እሷ ከሄደች ሦስቱንም ደረጃ ብቻዬን ልይዝ ነው። እንዴት እንደሚቻል አላውቅም። ደግሞ በጣቢያው ያለችው ሴት አመቻች እሷ ብቻ ናት።

አንዲት የደረጃ 3 ልጅ አለችን፣ 13 ዓመቷ ነው። እስከ እኩለ ቀን ማማ ላይ ትቆያለች፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ይተካትና ወንጭፏን ወገቧ ላይ እንደታጠቀች ሮጣ ትመጣለች። በሰኔ ትጨርሳለች። ባልደረባዬ ነች ማታ ማታ እየሄደች አባቷን ያሳመነችው። ቆጠራው የተደረገው ጠዋት ስለነበር ይህቺ ልጅ ከ38ቱ ውስጥ የለችም።

ጥያቄዬ፦ የሚቆጠረው የተመዘገበው ነው ወይስ በዚያ ቀን የተገኘው? ለማንስ ነው አቤት የሚባለው? ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው ካለ ይንገረኝ።

---

ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር (ኅዳር 2)

ልጄ፣ አይዞህ። በአንድ ጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሥር ስድስት አማራጭ ጣቢያዎች እከታተል ነበርና ይህን ነገር በየዓመቱ አይቼዋለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ቆላው ላይ የወፍ ጥበቃ፣ ከዚያ አጨዳ፣ ከዚያ ውቂያ ነው። ልጆቹ የሚመለሱት እህሉ ጎተራ ሲገባ ነው። ይህንን የማያውቅ የወረዳ ባለሙያ የለም።

መጀመሪያ የምጠይቅህ ስለ ስም መጥሪያ ደብተርህ ነው። በየቀኑ ተይዟል? ቀሪ የሆነውን ልጅ "ቀ" ብለህ ብቻ ነው የምታልፈው ወይስ ምክንያቱን ትጽፋለህ? ቀሪና አቋራጭ የተለያዩ ናቸው። "ወፍ ጥበቃ፣ ከሰዓት ተገኝታለች" ተብሎ የተጻፈባት ልጅ አቋራጭ አትባልም። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ግን ማንም ሰው 35 ልጅ አቋርጧል ብሎ ቢጽፍ መከራከሪያ የለህም።

ሁለተኛ፣ የአማራጭ ትምህርት ትልቁ ቁም ነገር የጊዜ ሰሌዳውን ማኅበረሰቡ መወሰኑ ነው። የተቋቋመውም ለዚህ ነው። መደበኛው ትምህርት ቤት ጠዋት 2 ሰዓት ደወል ደውሎ በር ይዘጋል፣ አንተ ግን በአጨዳ ወር ትምህርቱን ከሰዓት ማድረግ ትችላለህ፣ ቅዳሜን መጨመር ትችላለህ። ይህንን በወላጅ መምህር ኅብረት አስወስናችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ለወረዳ አሳውቃችሁ ነበር? አሳውቃችሁ ከሆነ፣ ቆጠራው የተካሄደው ትምህርት በሌለበት ሰዓት ነው ብለህ በደብዳቤ መጠየቅ ትችላለህ።

ስለ 1 ለ 50 ደግሞ ልንገርህ። ቁጥሩ የተሠራው አንድ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ሲያስተምር ነው። ሦስት ደረጃ ማለት ሦስት የተለያየ መጽሐፍ፣ ሦስት የተለያየ ዝግጅት ነው። አቤቱታህ ላይ ቁጥሩን ብቻ ይዘህ አትሟገት። ደረጃዎቹን ለያይተህ ጻፍ።

አንድ ነገር ግን አደራህን። የሌለ ስም እንዳትጨምር። አንድ ጣቢያ ላይ አመቻቹ ጨንቆት የተማሪዎቹን ታናናሾች፣ ገና አራት ዓመት የሆናቸውን ሁሉ መዝግቦ አገኘነው። ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ጣቢያው እንዳይዘጋበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እውነተኛውን ቁጥር ይዞ ቢመጣም የሚያምነው ጠፋ። እኔ ራሴ ስፈርምለት እጄ ይከብደኝ ነበር።

---

ዕቅድና በጀት (ኅዳር 3)

የሌላ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የእኛን በኩልም ስሙ።

ለወረዳው ከሚመጣው የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። አዲስ ሰው ለመቅጠር የተፈቀደ የሥራ መደብ ያስፈልጋል፣ መደቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ላይ ሰው ሲጎድል ያለን አማራጭ ከሌላው ማንሳት ነው። ምናልባት ባልደረባህ የምትሄድበት ጣቢያ ላይ አንድ አመቻች ብቻውን 90 ልጅ ይዞ ይሆናል። ይህን የምለው እንድትተወው አይደለም፣ አቤቱታህን ስትጽፍ የሚያነበው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሌላም አቤቱታ እንዳለ እንድታውቅ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በዓመታዊው የትምህርት መረጃ ቅጽ ላይ የሚሞላው የተመዘገበ ተማሪ ነው፣ በየፆታውና በየዕድሜው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የተገኘ አይደለም። ለክትትል የሚደረግ የጉብኝት ቆጠራ ሌላ ነገር ነው። የወረዳው ሰዎች ሁለቱን ያደባለቁባችሁ ይመስለኛል። ቅጹ ከጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ዞንና ክልል፣ ከዚያ ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ድጎማውም በተማሪ ቁጥር ነው የሚሰላው። 38 ተብሎ ከሄደ የሚመጣው ዓመት ጠመኔና ደብተር የሚገዛውም ለ38 ልጅ ነው። አመቻቿን ብቻ አይደለም የምታጡት።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ሂድና የእናንተ ቅጽ በስንት እንደተሞላ ጠይቅ። ያልተላከ ከሆነ አሁኑኑ ይስተካከላል። ከተላከ በኋላ ማስተካከል ብዙ ደጅ ያስጠናል።

---

የ5ኛ ክፍል መምህርት (ኅዳር 3)

ከአማራጭ ጣቢያ የሚመጡትን ልጆች የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በደንብ ሲማሩ የመጡት ከእኛ ልጆች አያንሱም። እንዲያውም ዕድሜያቸው ከፍ ስለሚል ፈጥነው ይገባቸዋል። አንድ አመቻች ሦስት ደረጃ ብቻውን ከያዘበት ጣቢያ የመጡት ግን ማንበብ ይችሉና ሒሳቡ ላይ፣ ማካፈል ላይ ይቆማሉ። ያፍራሉም። የ14 ዓመት ልጅ 11 ዓመት ከሆናቸው ጋር ተቀምጦ ካልቻለ አንድ ወር እንኳ አይቆይም። ስንቱን ሸኝቻለሁ።

ሴቶቹን በተመለከተ የባልደረባህን ጉዳይ በደንብ ጻፉት። እኛ ጋ ለመድረስ ወንዝ ይሻገራሉ። አባት ልጁን ወንዝ አሻግሮ የሚልከው ያመነው ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ጣቢያችሁ ለምን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት እንዲያድግ አትጠይቁም? በክልላችን ብዙ ጣቢያዎች እንደዚያ አድገዋል፣ ሲያድጉ ዲፕሎማ ያላቸው መምህራን ይመደባሉ።

---

ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር (ኅዳር 3)

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቴ ይታሰብበት። አንዱን ጣቢያ ለማሳደግ እኔው ራሴ ተሯሩጬ ነበር። መምህራኑ መጡ፣ ብሎኬት ክፍል ተሠራ፣ ሰዓቱ ግን እንደ መደበኛው ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች አልነበሩም። የሚጠየቀው ከነሰዓቱ እንዲያድግ ነው። ያለዚያ ጣቢያው የተቋቋመላቸው ልጆች መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

---

ከሚኒሶታ (ኅዳር 4)

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ የምሠራው አንድ አነስተኛ የሕዝብ አማራጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በረዳትነት ነው። መደበኛው ያልተመቻቸው፣ ሥራ የሚሠሩ፣ ልጅ የወለዱ ተማሪዎች ናቸው። እዚህ ግዛት ገንዘቡ የሚሰላው ዓመቱን ሙሉ ተማሪው በመዝገብ ላይ በቆየባቸው ቀናት አማካይ እንጂ በአንድ ቀን ቆጠራ አይደለም። ግን ተማሪው 15 የትምህርት ቀን በተከታታይ ከቀረ ከመዝገብ ይወጣል። ስለዚህ እኔ አሥረኛው ቀን ላይ ስልክ መደወል እጀምራለሁ፣ ካልተነሳ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከመጣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ያንተን ስሰማ የገረመኝ ይህን ሥራ እናንተም ያለ ስልክና ያለ መኪና እየሠራችሁት መሆኑ ነው። ቤት ለቤት የሄዳችሁበትን ቀንና ያናገራችሁትን ወላጅ ጻፉት። እኛ ጋ ያ ወረቀት ነው ተማሪውን የሚያቆየው።

---

የቆላው አመቻች (ኅዳር 5)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ እርስዎ ለጠየቁኝ እውነቱን ልመልስ። ስም መጥሪያው በየቀኑ ተይዟል፣ ምክንያት ግን አልጻፍኩም። ሰዓቱንም ወደ ከሰዓት የቀየርነው ለደረጃ 3 ብቻ፣ በቃል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከወላጆች ጋር ተነጋግረን። ቃለ ጉባኤ የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ኅብረቱን እሰበስባለሁ፣ ሐሙስ ወረዳ እወርዳለሁ።

---

የቆላው አመቻች (ታኅሣሥ 21)

የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቅጹ በ38 ተሞልቶ ነበር፣ ግን ከወረዳ አልወጣም። ስም መጥሪያውን ይዤ ስሄድ ባለሙያዋ እያንዳንዱን ስም ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ አየችው። ሁለት ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር አካባቢውን ለቀዋል፣ እነሱን ራሴ ሰረዝኩ። 71 ተብሎ ተስተካከለ።

ወላጆች ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረሙ፣ መፈረም የማይችሉት በአውራ ጣታቸው። የዚያች ልጅ አባት ቀለሙ ደብዛዛ ነው ብሎ ሁለቴ አሳረፈ። የአጨዳ ወር ሰዓት ከ8 እስከ 11 እንዲሆን፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን እንዲጨመር ተወሰነ፣ ለወረዳ ገባ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሰዓት መጥተው ድጋሚ ሲቆጥሩ 59 አገኙ። ውቂያ ገና አላለቀም።

ዝውውሩ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ዕቅድና በጀት ያልከው እውነት ነው፣ ያኛው ጣቢያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ነው ያለው። ባልደረባዬ እስከ ሰኔ እዚህ ትቆያለች፣ ግን በሳምንት ሁለት ጠዋት እዚያ ሄዳ ታግዛለች። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ አበል የለውም። እሷ እሺ ብላለች። እኔ ግን ለመንገዷ የሆነ ነገር እንዲታሰብላት መጠየቄን አልተውኩም።

አሁን የቀረኝ የማሳደጉ ጉዳይ ነው። ጋሼ እንዳሉት ሰዓቱን ሳንለቅ እንዲያድግ የሚል ጥያቄ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ምን ምን እንደሚያካትት ይንገረን። ለየካቲት የኅብረቱ ስብሰባ ማቅረብ አለብኝ።