ማጫወቻው የሚያጫውተውን ቪዲዮ ስክሪፕቱ አልከፍት አለ

ፍሬም25፦
ሰላም ሁላችሁም። በአቪሲንት ፕላስ (ቪዲዮን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያቀናብር ፕሮግራም) የተጻፈ ስክሪፕት በ64 ቢቱ ቨርቹዋልደብ2 (የቪዲዮ ማረሚያ) ሲከፈት «የፊልተር ግራፍ ማኔጀሩ አያናግረኝም» ዓይነት ኤረር ያወጣል። ምንጩ ኤምፒ4 ነው፤ የተጠራው ዳይሬክትሾውሶርስ በሚባለው የመክፈቻ ትእዛዝ ነው። ሌላው ትእዛዝ፣ አቪሶርስም እምቢ ብሏል። ቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ግን ያለችግር ይጫወታል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ቁርጥራጭ፦
ፋይሉ ደህና ነው፣ ወንድሜ። ቪኤልሲ ዲኮደሮቹን (የታመቀውን ቪዲዮ የሚፈቱትን) በሆዱ ይዞ ስለሚዞር እሱ አጫወተው ማለት ሌላው ይከፍተዋል ማለት አይደለም። ዳይሬክትሾውሶርስ የራሱ ዲኮደር የለውም፤ ዊንዶውስ ላይ የተጫነውን ስፕሊተር (ምስሉንና ድምፁን የሚለያየውን) እና ዲኮደር ይለምናል። ካጣ ያ ኤረር ይመጣል። አቪሶርስ ደግሞ ለአቪ ፋይል የተሠራ ነው፣ ኤምፒ4 ሥራው አይደለም።

ዳይሬክትሾውን ተወው። ኤፍኤፍኤምኤስ2 የሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጫንና ኤፍኤፍቪዲዮሶርስ በሚለው ትእዛዙ ጥራ፤ ፋይሉን ራሱ ይፈታል፣ ፍሬም በቁጥር ስትጠራም አይስትም። ከዚያ በፊት ግን ቨርዥን() የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ስክሪፕት ክፈት። የስሪቱ ጽሑፍ ከታየህ አቪሲንት ራሱ በትክክል ተጭኗል፤ ካልታየህ ቪዲዮውን መወንጀል ትርፉ ድካም ነው።

ፍሬም25፦
ቨርዥን ተከፍቷል። ኤፍኤፍኤምኤስ2 በሎድፕለጊን (ፕለጊን በሚጭነው ትእዛዝ) ሲጠራ ግን «መጫን አልተቻለም፣ 0ኤክስሲ1» ይላል።

ሎግ አንባቢ፦
0ኤክስሲ1 በተለመደው አቆጣጠር የዊንዶውስ ኤረር 193 ነው፤ የፕለጊኑና የፕሮግራሙ ቢት (32 ወይም 64) አልገጠመም። የፕለጊኑ ዚፕ ውስጥ ኤክስ86 (32 ቢት) እና ኤክስ64 (64 ቢት) የሚባሉ ፎልደሮች አሉ፤ የወሰድከው ከመጀመሪያው ነው። የሚወስነው የዊንዶውሱ ቢት ሳይሆን ስክሪፕቱን የሚከፍተው ፕሮግራም ቢት ነው። የኤክስ64ቱን ዲኤልኤል (የፕለጊኑን ፋይል) ፕለጊንስ64+ በሚባለው የአቪሲንት ፎልደር ውስጥ ካስገባኸው ሎድፕለጊንም አያስፈልግህም።

0ኤክስ7ኢ (126) ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፦ ዲኤልኤሉ የሚፈልገው ሌላ ዲኤልኤል ጎድሏል፣ ብዙ ጊዜም ቪዥዋል ሲ++ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ስላልተጫነ ነው። «በዚህ ስም ፈንክሽን የለም» ካለ ደግሞ ወይ ፕለጊኑ አልተጫነም፣ ወይ ስሙን አሳስተህ ጽፈሃል።

ፍሬም25፦
ተጫነ። አሁን ደግሞ ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም ይላል። የፋይሉ ስም በአማርኛ ነው፤ ስክሪፕቱ ኖትፓድ ላይ በአንሲ (በድሮው የፊደል አጻጻፍ ኮድ) ሴቭ ተደርጓል።

ቁርጥራጭ፦
በለው፣ ተገኘ! አንሲ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም፤ ሴቭ ሲደረግ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ በዚያ ስም ደግሞ ፋይል የለም። ዩቲኤፍ-8 ያለ ቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባው ስውር ምልክት ሳይኖር) ይሻላል፤ ነገር ግን ሁሉም ፕለጊን በትክክል ያነበዋል ብለህ አትተማመን። ፋይሉንም ፎልደሩንም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ሰይማቸው። የፋይሉ አድራሻ በጠቅላላ 260 ፊደል እንዳይደርስ። ስክሪፕቱ ውስጥ የፋይሉን ስም የሚከብበው ጥቅስ ቀጥ ያለው (") ይሁን፤ የአማርኛው «» እና ዎርድ የሚያጎብጠው ጥቅስ አይሠሩም።

ባለኢንዴክስ፦
ስሙን ስትቀይር የድሮውን ኢንዴክስ (የቪዲዮውን ፍሬሞች ማውጫ ፋይል) አጥፋው። ኤፍኤፍኤምኤስ2 መጀመሪያ ሲከፍት ከቪዲዮው አጠገብ ኤፍኤፍኢንዴክስ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ይጽፋል። ትልቅ ቪዲዮ ከሆነ ይቆያል፤ ደረቀ ብለህ አትዝጋው። ቪዲዮውን በሌላ ቅጂ ተክተህ የድሮው ኢንዴክስ ከቀረ ሊያምታታው ይችላል። ፎልደሩ መጻፍ የማይፈቅድ ከሆነ ካሽፋይል በሚለው የትእዛዙ አማራጭ ሌላ ቦታ ስጠው።

ኤፍኤፍቪዲዮሶርስ ምስል ብቻ ነው የሚሰጥህ። ድምፁን በኤፍኤፍኦዲዮሶርስ ጥራና በኦዲዮደብ አጣምራቸው። በስልክ የተቀረጸ ከሆነ የፍሬሙ ፍጥነት ይዋዥቃል፣ ድምፁም ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ፍጥነቱን በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ለማጽናት ኤፍኤፍቪዲዮሶርስ ላይ ኤፍፒኤስነም=30፣ ኤፍፒኤስደን=1 ጨምርበት።

ፍሬም25፦
ስሙ ተቀየረ፣ ኢንዴክሱ ጠፋ፣ ተከፈተ። ድምፁም ገጥሟል። እግዜር ይስጥልኝ።